የአስማት ተረት መለያ፤ ስለ እንጀራ እናትና ስለ አንበሳው

የአስማት ተረት የሚባለው ወገን በምን ይታወቃል ተብሎ ቢጠየቅ፤ ብዙ ሰው ንጉሥን፤ የእንጀራ እናትን፤ የሚናገር አውሬን፤ ሦስት ጊዜ የሚደጋገም ፈተናንና በመልካም የሚፈጸም መጨረሻን ይቈጥራል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስም ተረት መጀመሩን ያስታውቃል እንጂ፤ ተረቱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አይለይም። ምልክትን መቍጠር ብቻ ተረትን ማወቅ እንዳይደለ፤ በኢትዮጵያ የሚነገረው የእንጀራ እናትና የአንበሳው ተረት በግልጥ ያስረዳል።

አንዲት ሴት ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አግብታ የባሏን ልጅ እንደ ወለደችው ትወደዋለች፤ ልጁ ግን ይጠላታል። ወደ አንድ አዋቂ ሄዳ የፍቅር መድኃኒት ብትለምነው፤ ከሕያው አንበሳ ጢም ጠጕር እንድታመጣ ያዛታል። እርሷም ሥጋ ይዛ ወደ ዱር ትወርዳለች፤ መጀመሪያ ከሩቅ ጥላለት ትሸሻለች፤ ከዚያም ዕለት ዕለት ጥቂት በጥቂት እየቀረበች ታለምደዋለች፤ በመጨረሻም አጠገቧ ሆኖ ሲበላ ጠጕሩን ትወስዳለች። አዋቂው ግን መድኃኒት አይቀምምላትም፤ አንበሳውን በትዕግሥት እንዳለመደች ልጁንም እንዲሁ እንድታለምድ ነግሮ ያሰናብታታል።

ይህ ተረት በምልክት ቢመዘን የአስማት ተረት ለመባል የሚጐድለው ጥቂት ነው፤ የእንጀራ እናት፤ አዋቂና ከባድ ፈተና አሉበት። ሩሲያዊው ሊቅ ቭላዲሚር ፕሮፕ ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት 100 የሩሲያ ተረቶችን መርምሮ፤ ሊታይ የሚገባው ሠሪው ማን እንደ ሆነ ሳይሆን ሥራው በታሪኩ ሂደት ያለው ፋይዳ መሆኑን አስረዳ፤ እነዚህንም ሥራዎች 31 ብሎ ቈጠራቸው። በኮሪያ አንበሳው ነብር፤ ልጁም ከጦርነት ተለውጦ የተመለሰ ባል ሆኖ ይህንኑ የመሰለ ተረት መነገሩ አሳቡን ያጸናል።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ጕድለቱ፤ ከቤት መውጣቱና ፈተናው በየተራቸው ይመጣሉ። ነገር ግን ፈታኙ አስማተኛ ዕቃ ሊሰጥ በሚገባው ቦታ ምንም አይሰጥም፤ ፈተናው ራሱ መድኃኒት ሆኖ ይገኛል። በሌሎች ተረቶች ክፉ ሆና የምትታየው የእንጀራ እናትም እዚህ ባለ ድል ናት። የተረቱ ኀይል ሰሚው የሚጠብቀውን አስማት ከመንሣቱ የመጣ ነው። የፕሮፕ መለኪያ ከሩሲያ ተረት የተወሰደ ስለ ሆነ በኢትዮጵያ ተረት ላይ በግድ ሊጫን አይገባም፤ ጥቅሙ ተረቱ ከተለመደው መንገድ የሚለይበትን ስፍራ ማሳየቱ ነው።

ስለዚህ ተረት ሰብሳቢ ለማሳጠር ሲል እነዚያን የመቅረብ ቀኖች «ሴቲቱ አንበሳውን አለመደችው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢተካቸው፤ ምልክቶቹ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ይቀራሉ፤ ተረቱ ግን ይጠፋል።