ደሴ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

"ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል?" ብትባሉ ሳታስቡ "በ100!" ትላላችሁ አይደል? ፈተና ላይ ልክ ትባላላችሁ። ደሴ ቁጭ ብላችሁ ከሆነ ግን መልሱ ልክ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ውሃውም የሚፈላው 94 ገደማ ሲደርስ ነው።

ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚጫነን አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ እንፋሎቱ ሊያሸንፈው የሚገባው ጫናም ያንሳል፤ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ቀድሞ ፈላ ማለት ግን ቶሎ አበሰለ ማለት አይደለም። ከ92 በላይ አይሞቅማ! የባቄላ ንፍሮ ደሴ ላይ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

እኔ ከ100 ጋር ጠብ የለኝም። ቅር የሚለኝ "በባሕር ወለል ላይ" የምትለዋ ሐረግ ክፍል ውስጥ ተዘልላ ቁጥሩ ብቻ መሸምደዱ ነው። ለወሎ ልጅ ሳይንሱ ያለው እዚያች ሐረግ ውስጥ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፈተ። ቋንቋው የአገር ቤት ሆነ፤ ምሳሌው ግን አሁንም ከባሕር ዳርቻ ነው (ያውም ባሕር ለሌላት አገር)።

"ቤተ ሙከራ የለንም" የሚሉ መምህራን እውነት አላቸው። በ2014ቱ ጦርነት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ክፉኛ ተጎድተዋል። ግን ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ባዶ ሃይላንድ ደሴ ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ይዛችሁ ውረዱ። ቁልቁለቱ ላይ ጆሯችሁ ድፍን ሲል የሃይላንዱም ጎን ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል፤ የውጪው አየር በርትቶ እየተጫነው ነዋ። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለምትል ግን ውስጡ ያለው አየር ትንሽ ይሰፋል፤ ስለዚህ የሚሰረጎደው ከጠበቃችሁት ሊያንስ ይችላል። ምን ብታደርጉ የሙቀቱን ድርሻ ከግፊቱ መለየት ትችላላችሁ? እሱን ከመምህራችሁ ጋር ተከራከሩበት።

መምህር ከሆናችሁ ደግሞ የፈተናውን ጥያቄ ቀይሩት፦ "ንፍሮ የት ቶሎ ይበስላል፣ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ለምን?" ከአምስቱ ነጥብ አራቱን ለ"ለምን" ስጡ።