ስለ ትንንሽ ኮምፒውተሮች የማዘጋጃ ጽሑፎች የቀረበ አስተያየት

ራዝቤሪ ፓይ የተባለው ቦርድ በ2004 ዓ.ም. ለገበያ ከቀረበ ወዲህ፣ መዳፍ በምታህል ኮምፒውተር የራስን ሰርቨር ማቆም ለተማሪም የሚቻል ሥራ ሆኗል። ቦርዱን ለሚያዘጋጅ ሰው መሪው መጽሐፍ አይደለም፤ ከእሱ በፊት የሞከሩ ሰዎች የጻፏቸው ማስታወሻዎችና ትእዛዞችን በተርታ የያዙ ስክሪፕቶች ናቸው። እነዚህም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊተቹ ይገባል። ሆኖም ብዙው ሰው «ሠራ» ወይም «አልሠራም» ብሎ ያልፋቸዋል እንጂ ለማን እንደ ተጻፉ አይጠይቅም። እኔ እንደሚመስለኝ አብዛኞቹ የተጻፉት መብራት ለማይጠፋበትና መስመር ለማይቋረጥበት ቤት ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ማስታወቂያ የሚከለክለው ፓይ-ሆል የሚተከለው በአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ይኸውም «ከርል» ስክሪፕቱን ከኢንተርኔት ያመጣና ማንም ሳያነበው ለ«ባሽ» ያስረክበዋል። ማስታወቂያ መከልከያ ያለ መስመር ምን ሊሠራ ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ዊኪፔዲያንና መጻሕፍትን በሳጥን እንዲያደርስ የታሰበው ኢንተርኔት-ኢን-ኤ-ቦክስ እንኳ በዚሁ ዓይነት አንድ መስመር ይተከላል። ተዘጋጅቶ በካርድ ላይ የሚገለበጥ ቅጂም እንዳለው ሳልጠቅስ ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ቢሆንም ቅጂውን አስቀድሞ ላላወረደ ሰው ጥቅሙ ምንድን ነው? የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በመላው አገር ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ሲቆይ ያ አንድ መስመር ዋጋ አልነበረውም። በሳጥን ያለ መጽሐፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ያን ጊዜ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የምወቅሳቸው በሰዓት ጉዳይ ነው። እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ ያሉት የራዝቤሪ ፓይ ቦርዶች በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የላቸውም፤ ጊዜውን የሚጠይቁት ከኢንተርኔት ነው። መስመር ከሌለ፣ በመጨረሻ ከመዘገቡት ሰዓት ይቀጥላሉ። እንግዲህ ሐሙስ የጠፋ መብራት ቅዳሜ ቢመለስ ሰርቨሩ ሐሙስ ላይ ሆኖ ይነሣል ማለት ነው። ተማሪዎች ያስረከቡት የቤት ሥራ ባልሆነ ቀን ይመዘገባል፤ ትናንት የተሰጠ ሰርቲፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ተብሎ ይመለሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዲኤስ3231 የተባለችውን ክብ ባትሪ ያላት ትንሽ ሰዓት በቦርዱ እግሮች ላይ ሰክቶ፣ «ኮንፊግ» በተባለው ፋይል አንድ መስመር መጨመር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አምስተኛው ቦርድ ሰዓት አለው፣ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል። ካነበብኋቸው ማስታወሻዎች ብዙዎቹ ይህን አያነሡም። የጸሐፊዎቹ ሰዓት ስቶ አያውቅምና አልፈርድባቸውም።

በእኛም በኩል ጥፋት አለ። አንድ ጓደኛዬ የሰርቨሩ ፋይሎች ሰው በማይጠቀምበት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንዲገለበጡ ፈልጎ፣ በ«ክሮን» ሰሌዳ ላይ 9 ብሎ ጻፈ። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና ሥራው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ሁሉ ሰርቨሩን በሚጠቀምበት ጊዜ፣ ይጀምር ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የወቀስነው ገመዱን ነበር። ማስታወሻውን ያገኘው ከእኛው ተማሪ ሲሆን፣ ጽሑፉ ትእዛዞቹን እንዳሉ ገልብጦ መግቢያውን ብቻ በአማርኛ ያደረገ ነው። ትርጉም የሚያስፈልገው እኮ ሰላምታው ሳይሆን ሰዓቱ ነበር።

ቀን የሌላቸው ማስታወሻዎችም ያደክማሉ። «በፓይ ስምና በራዝቤሪ የይለፍ ቃል ግባ» የሚለው ምክር ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በአዲሱ ሲስተም አይሠራም፤ ያ ስም ከነይለፍ ቃሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቅረቡ ቀርቷልና። ከላይ የጠቀስሁት «ኮንፊግ» ፋይልም በ2016 ዓ.ም. «ፈርምዌር» ወደሚባል ሌላ ማኅደር ተዛውሯል። ጀማሪው ግን ስሕተቱን የራሱ አድርጎ ይወስዳል።

አንድ መስመር መቅረቡ ጀማሪውን ያደፋፍራል የሚሉ አሉ፤ እኔንም አደፋፍሮኛል። ነገር ግን ኮሊብሪ የተባለው የትምህርት ሰርቨር መምሪያ ትምህርቱን ከፍላሽ ወይም በአንድ አዳራሽ ካለ ሌላ ኮምፒውተር እንዴት መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ያስረዳል። ይህን የጻፈው ሰው መስመር የሌለበትን ክፍል በዓይነ ሕሊናው አይቷል። አነጋገሩ ደረቅ ነው፣ ይሁን።

እኛ አሁን የምንጠቀምበት ማስታወሻ በሰርቨሩ ሳጥን ክዳን ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። የተጻፈበት ቀን አለው፤ ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል፤ የፋይሎቹ ቅጂ ያለበት ፍላሽ በየትኛው መሳቢያ እንዳለም ያመለክታል። ስለ ባትሪዋ የሚናገረው መስመር ላይ ቡና ፈሶበታልና እንደገና መጻፍ ይኖርብናል።