ጯሂው ዝም ሲል

ቤትሆቨን ለቼሎና ለፒያኖ አምስት ሶናታዎች ጽፏል። ቼሎ ተቀምጠው፣ በጉልበት መካከል ይዘው፣ በደጋን የሚጫወቱት ባለ ጎርናና ድምፅ መሣሪያ ነው። በዚያ ዘመን የቼሎው ክር የእንስሳ አንጀት፣ የፒያኖውም አካል እንጨት ነበር። በኋላ ፒያኖው ብረት ለበሰ፤ ትልቅ አዳራሽ የሚያናውጥ ጉልበትም አገኘ። ቼሎው ከእሱ ጋር ለመሰማት መታገል ያዘ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን አንዳንድ ሙዚቀኞች «ቆይ እስቲ!» ብለው ወደ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ተመለሱ። ሁለቱ እንደገና መደማመጥ ጀመሩ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? እስቲ ጎንደር እንሂድ።

ማሲንቆም በደጋን የሚገዘገዝ ነው። ክሩ አንድ፣ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ጣት ክሩን ዳሰስ ያደርገዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። ስለዚህ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል። አዝማሪው ሲያርፍ ማሲንቆው ይመልስለታል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል። ታዲያ ኪቦርዱና ድምፅ ማጉያው ቤቱን በሚያናውጡበት ምሽት «ተቀበል!» የሚለውን ማን ይሰማል? ማሲንቆው ለፎቶ የተያዘ ይመስላል፤ ሰሙም ወርቁም ተያይዘው በጩኸት ይቀበራሉ። እኛም እናጨበጭባለን።

«የፈረንጅ መሣሪያ ይውጣ» ማለት ግን የሰነፍ ክርክር ነው። ምስክሬ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። እሳቸው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ኋላም መነኮሱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። ሀብት አልነበራቸውም፤ ሙዚቃ ግን ነበራቸው። ሸክላዎቻቸውን ለችግረኞች መርጃ አዋሉት።

ሥራቸውን ስሙት፤ ፒያኖው አይፎክርም። የፒያኖ ቁልፍ እንደ ማሲንቆ ክር መንሸራተት አይችልም። እሳቸው ግን ጎረቤታሞቹን ቁልፎች ነካ ነካ እያደረጉ ዜማውን ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል። እንከን የለውም አይባልም፤ አንዳንዱ ቁራጭ ከሌላው ይመሳሰላል፣ አንዳንዱም መድረሻውን ረስቶ ይዞራል። ቢሆንም ትልቁ መሣሪያ የአገሩን ዜማ ሊያዳምጥ እንደሚችል አሳይተዋል። ብዙዎቻችን ያወቅናቸው እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሥራቸውን ካወጣ በኋላ መሆኑ ያሳፍራል። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ።

የአዝማሪ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በጆሮ ነው። ያልተሰማ ማሲንቆ ወራሽ የለውም። እናንት የጎንደር ምሽት ቤት ባለቤቶች፣ እባካችሁ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ማጉያውን አጥፉልን። እኛ ታዳሚዎችም ያን ምሽት ወሬያችንን ቀነስ እናድርግ።