ሳይሰበሩ መውደቅ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከቤቴል እስከ አየር ጤና፣ ደህና ኮምፒውተር ያገኘ ልጅ ሁሉ ዛሬ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሊከፍት ይችላል። ኤክስ-ፕሌን የተባለው የበረራ ጨዋታ ፕሌን ሜከር ከሚባል መሥሪያ ጋር ይመጣል፤ የክንፉን ርዝመት፣ የሞተሩን ጉልበት፣ ክብደቱ የሚያርፍበትን ቦታ የምትወስነው አንተ ነህ። እኔ የምወድለት አለማዳላቱን ነው። ክንፉን በትናንሹ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚያርፈውን የአየር ኃይል በየቅጽበቱ ያሰላል። ስለዚህ ያማረ ሁሉ አይበርም። ክብደቱ ወደ ጅራት ካደላ አፍንጫው ሽቅብ ያመልጥና ትከሰከሳለህ። (መብራት ካልጠፋ ወዲያው ትደግመዋለህ።)

ቦሌ ላይ መሞከር ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉ የሚደገፍበት ያንሰዋል፤ ጅቡቲ ላይ በቀላሉ የተነሳው ትንሽ አውሮፕላን እዚህ ብዙ መንደርደር ይፈልጋል።

ኢትዮጵያዊው አስመላሽ ዘፈሩ ይህንኑ ደጋ የተጋፈጡት በእውነተኛ አውሮፕላን ነው። ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተምረው፣ የቮልስዋገን ሞተር ገጥመው የሠሯትን ኬ-570ኤ በ2007 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ሞከሯት፤ አልተነሳችም። የእሳቸው ድፍረት ከየትኛውም ጨዋታ ይበልጣል። የሰፈሬ ልጆች ግን፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ስክሪን ላይ ደጋግማችሁ ውደቁ።