ከሁለት ያጣ ክራር

ወገዳ ላይ ነው። አንድ ወጣት መምህር ክራሩን ጭኑ ላይ አስደግፎ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ አራቱንም ቅኝት መቃኘት እችላለሁ። ሰው ቤት ብጠራም አላሳፍርም። ግን ይኸው ሦስት ዓመቴ፣ ከነበርኩበት ፈቀቅ አላልኩም። ከዚህ በኋላ ብቻዬን ምን ላጥና?» መልስ አልነበረኝም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ክራርን ከመስማት አልፌ አላውቅም። «አጠያይቄ እነግርሃለሁ» ብዬው መጣሁ። ይኸው የዘገየ መልሴ።

ጀማሪ ባለቤት አለው። ክራር እንዴት እንደሚያዝ፣ ክሩ እንዴት እንደሚወጠር፣ የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ መጽሐፍም ቪዲዮም አይጠፋም። አዋቂም ባለቤት አለው፤ መድረክ አለው፣ ጭብጨባ አለው። መሐል ላይ የቆመው ግን ከሁለት ያጣ ጎመን ነው። ለጀማሪ የተዘጋጀው ያሰለቸዋል፤ የአዋቂው ሥራ ያስፈራዋል። ብዙ ክራር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይበልጥ የገረመኝ ስልኩ ነው። ልጁ ጊታር የለውም፤ ስልኩ ውስጥ ግን የብሉዝ ጊታር ትምህርት ሞልቶበታል፤ «ለመካከለኛ ተማሪ» የሚል ማዕረግ ሁሉ ተለጥፎለታል። «ትዝታ የእኛ ብሉዝ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ይጠቅመኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አለኝ። ምስኪን! ይህን አባባል ልጁ አልፈጠረውም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው 10ኛ ቅጹ ትዝታንና ብሉዝን በአንድ ርዕስ አጣምሮ አትሟቸዋል። ስሜቱን ለማያውቀው ሰው ለመንገር አባባሉ አይከፋም። ተማሪን ግን ያሳስታል። መነሻ ድምፃቸውን አንድ አድርገን ብናስተያያቸው፣ የብሉዝ ጊታር ተማሪ አስቀድሞ የሚይዛቸው አምስት ድምፆች የሚገጥሙት የእኛ ባለሙያዎች «ባቲ ማይነር» ከሚሉት ጋር ነው። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ክራሩን በትዝታ ቃኝቶ የብሉዝ ትምህርት የሚከተል ልጅ ክሩ አልታዘዝ ይለዋል። ጥፋቱንም በገዛ ጆሮው ያላክካል።

እንግዲህ ከብሉዝ መውሰድ ያለብን ሌላ ነገር ነው። የሚሲሲፒው ሮበርት ጆንሰን በወጣትነቱ ጊታር ሲነካ ሰሚ እስኪያማርር ድረስ ያስቸግር እንደነበር አንጋፋው ሰን ሃውስ ተናግሯል። ጆንሰን ጠፍቶ ከረመ። ሲመለስ ሁሉን አስደነቀ። መቼም ወሬኛ የትም አይጠፋምና «መንታ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ነው» ተባለ። ኋላ ተመራማሪዎች ሲያጣሩ ልጁ አይክ ዚመርማን ከተባለ ጊታር ተጫዋች ዘንድ ቁጭ ብሎ ሲለማመድ ነበር የከረመው። ሰይጣኑ ልምምድ ነበር ማለት ነው። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1936 እና በ1937 የቀዳቸው 29 ዘፈኖች ዛሬ በኖታ ተጽፈው በመጽሐፍ ይሸጣሉ። መሐል ላይ የቆመ የብሉዝ ተማሪ ጣቱ የት እንደነበር ገልጦ ያያል።

እኛስ? የአስናቀች ወርቁ የክራር ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በ«ኢትዮፒክስ» 16ኛ ቅጽ ወጥተዋል። እሷ በ2004 ዓ.ም. አረፈች። ሲዲው ድምፁን ይዞልናል፤ የጣቷን መንገድ ግን አይነግረንም። በየመጻሕፍት መደብሩ ዞሬ ያገላበጥኳቸው መማሪያዎች ደግሞ ከቅኝትና ከጥቂት የታወቁ ዘፈኖች አያልፉም። ደፋሩ አዘጋጅ የሚጨምረው ሌላ ዘፈን ነው። የወገዳው ልጅ የቸገረው ዘፈን ነው እንዴ? የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው። ዘፋኙ ሲተነፍስ ክራሩ ምን ይበል? ያው ዜማ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በምን ይለይ? መቼ ዝም ይባል? ቢ.ቢ. ኪንግ ሲዘፍን ጊታሩን ዝም ያሰኝ ነበር፤ ቃሉን ሲጨርስ ጊታሩ ይመልስለታል። የእኛም አዝማሪ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግጥም ሰጪው ቃሉን እስኪያወጣ ማሲንቆው ቦታውን ይዞ ይጠብቀዋል። ያወቀውን ግን ማን ጻፈለት?

አገሩ ራሱ ያሳፍረናል። ወገዳ ያለችው የዜማ ትምህርት በደረጃ በተሰደረበት አገር ነው። እዚያው ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት መምህራን መፍለቂያ ናቸው። የዜማ ተማሪ ከጾመ ድጓ ወደ ምዕራፍ፣ ከምዕራፍ ወደ ድጓ ሲሻገር የት እንደደረሰ ያውቃል። መሐል ላይ ሲደርስ ከበታቹ ላለው እያስጠና የራሱን ያጸናል። ምልክትም አለው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ይነገራል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ እያለ ይቀጥላል። ተማሪው ከመምህሩ ቢርቅ እንኳ ብራናው ያስታውሰዋል።

ክራሩና ማሲንቆው ይህን ዕድል ለምን አጡ? መልሱ እኛው ዘንድ ነው። ዘፈኑን ወደን ዘፋኙን ንቀናል። «አዝማሪ» ስድብ በሆነበት አገር የአዝማሪን ጣት አይቶ የሚጽፍ ሊቅ ከየት ይምጣ? አዝማሪውም ሙያውን በቤቱ ለልጁ አወረሰ፤ እርስ በርሱ የሚግባባበት የምስጢር ቋንቋ ሁሉ አበጀ። እንፍረድበት? የቱን አፍ ይዘን! ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራርና ማሲንቆ ያስተምራል፤ ግን አዲስ አበባ ነው። በየመድረኩ «ባህላችን፣ ባህላችን» የሚሉ ሹማምንት አንድ አዝማሪና አንድ ኖታ የሚያውቅ ምሩቅ ጎን ለጎን አስቀምጠው አንድ ደብተር ቢያስሞሉ፣ ከስንት ፌስቲቫል በበለጠ ነበር።

እስከዚያው ለወጣቱ ወዳጄ የምለው ይህን ነው። አዲስ ዘፈን አትፈልግ። አንድ ትዝታ ምረጥ፤ የአስናቀችን ብትይዝ አታፍርም። በቀን አንዲት ሐረግ ብቻ ስማ። ክራሩን ሳትነካ አንጎራጉራት፤ በአፍህ ያልወጣ በጣትህ አይወጣም። ከዚያ ክሩ ላይ ፈልጋት፤ ራስህን ቅዳና ከእሷ ጋር አስተያየው። ዝም ያለችበትንም ቁጠር። ያገኘኸውን ደግሞ ጻፈው። ኖታ ካላወቅህ የዜማ ተማሪ ጓደኛህን ጠይቅና የራስህን ምልክት አብጅ። ስትችል አንድ አዝማሪ ዘንድ ሂድ፤ ለትምህርቱ ክፈለው፣ «ጌታዬ» በለው፣ እጁን እያየህ ቁጭ በል። ጆንሰንም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ደብተሩን ግን አትጣለው። ነገ ሌላ ልጅ ክራሩን አቅፎ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቀኝ፣ «ወገዳ ሂድ፣ እዚያ አንድ ደብተር አለ» ልለው እፈልጋለሁ።