ዛፍ በፍሬው ስለ መታወቁ
(በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ከቍጥር 15 እስከ 20 ስላለው ቃል)

ጌታችን በተራራው ስብከት ፍጻሜ ላይ ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ሲያስጠነቅቅ፥ ዛፍ የሚታወቀው በፍሬው መሆኑን አስተማረ። ይህ ቃል በምእመናን አፍ ዘወትር ይነገራል። ነገር ግን የሚነገር ቃል ሁሉ ተመርምሮ የተነበበ አይደለም። ይህንም ቃል ብዙ ሰው የሚጠቅሰው በገዛ አጥሩ ውስጥ ላለው ዛፍ ሳይሆን ከአጥር ማዶ ለቆመው ለጎረቤቱ ዛፍ ነው። ስለዚህ አነባበቡ ቀና ወይም ጠማማ መሆኑ ሊመረመር ይገባዋል።

በሌላው ላይ የሚያነቡት ሰዎች ፈጽመው ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ጌታ መንጋውን ከተኵላ እንዲጠበቅ አዝዞአልና፥ የመምህርን ፍሬ መመርመር የተፈቀደ ነው። ሆኖም ምዕራፉ የሚጀምረው በሌላው ላይ ከመፍረድ በመከልከልና በገዛ ዓይን ያለውን ምሰሶ አስቀድሞ በማውጣት ነው። ከዛፉም ምሳሌ ቀጥሎ ከቍጥር 21 እስከ 23 የተነገረው፥ በስሙ ትንቢት ስለ ተናገሩ፥ አጋንንትንም ስላወጡ፥ ነገር ግን ስላልታወቁ ሰዎች ነው። እንግዲህ ተአምር እንኳ ፍሬ ተብሎ ካልተቈጠረ፥ በሰው ፊት የሚታይ ጾም፥ የተዘረጋ ነጠላና የረዘመ ጸሎት ብቻውን እንዴት ፍሬ ሊባል ይችላል? ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ ምዕራፍ 5 የመንፈስን ፍሬ ሲቈጥር ፍቅርን፥ ትዕግሥትን፥ ቸርነትን፥ የውሃትን፥ ራስን መግዛትን ዘረዘረ። እነዚህ ሁሉ የጠባይ ስሞች ናቸው።

ሁለተኛውም ነገር በቃሉ ውስጥ አለ። ቍጥር 16 እሾህንና ወይንን፥ ኵርንችትንና በለስን ሲያነጻጽር የሚናገረው ስለ ዛፉ ዘር ነው። ቍጥር 17 ግን ስለ ዛፉ ጤና ይናገራል። በዚያ ክፉ ተብሎ የተተረጐመው የግሪክ ቃል ሳፕሮስ ነው፤ ትርጓሜውም የበሰበሰ ማለት ነው። ይኸው ቃል በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከመረብ ወጥቶ ለሚጣለው ዓሣ፥ በኤፌሶንም ምዕራፍ 4 ከአፍ ሊወጣ ለማይገባው ንግግር ተነግሮአል። ስለዚህ ከመልካም ዘር መገኘት፥ በክርስቲያን ቤት ተወልዶ መጠመቅም፥ ሰውን ከመበስበስ አያድነውም። ወይን ሆኖ የተተከለም ይበሰብሳል።

ይህን ትምህርት ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ የሚሄድ ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል። በዚህ በአዊ ምድር ገበሬው ዲከረንስ የሚለው፥ ከአውስትራልያ የመጣ የግራር ወገን በስፋት ተተክሎአል። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፤ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ተቈርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ ይሸጣል። ለብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ስለ ሆነ ዛፉን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን በ2010ዎቹ ዓ.ም. ዋግ የመሰለ በሽታ በላዩ ወረደ። ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለ ነበረ፥ አንዱን የነካው በሽታ የጎረቤቱንም ነካ፤ ተስፋውን ሁሉ በእርሱ ላይ የጣለው ገበሬ ብርቱ ኀዘን አገኘው።

በዚያው አገር በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚገኘው ደን ግን ልዩ ልዩ ነው። ጥዱ፥ ወይራው፥ ዋንዛው፥ ብሳናው አብረው ቆመዋል። እድገታቸው የዘገየ ነው፤ ዳሩ ግን ለአንዱ የሚመጣ በሽታ ሁሉን በአንድ ጊዜ አያጠፋም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 1 በእምነት ላይ በጎነትን፥ በበጎነትም ላይ እውቀትን፥ ከዚያም ራስን መግዛትንና መጽናትን፥ መጨረሻም ፍቅርን እንዲጨምሩ ያዘዘው እንደዚህ ያለውን ደን በነፍስ ውስጥ ለመትከል ነው። ጾምን ብቻ የተከለ ሰው በቍጣ ዋግ ይደርቃል፤ ምጽዋትን ብቻ የተከለም በውዳሴ ከንቱ ይጠፋል።

ደግሞ ፍሬ ሁሉ ለአፍ የሚጣፍጥ ይመስላቸው ዘንድ የለመዱ አሉ። እነዚህ ሰዎች ደግ የሚሉት ማንንም የማያስቀይመውን ነው። የእንጅባራ ከተማ ግን ኮሶ በር ተብላም ትጠራ ነበር። የኮሶ ዛፍ አበባ መራራ ነው፤ የቀደሙት ሰዎች ግን ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ ጠጥተው የኮሶን ትል ከሆዳቸው አስወጥተውበታል። መጠኑ ሲበዛ ግን ጠጪውን ይጎዳል። እውነተኛ ክርስቲያን ለወንድሙ የሚሰጠው ተግሣጽ እንደዚህ ነው፤ መራራነቱ ፍሬነቱን አያስቀርም፥ ነገር ግን ልኩ ሲታወቅ ነው የሚያድነው። ተግሣጽን ለሌላው የሚበጠብጥ ሰውም አስቀድሞ ራሱ ሊጠጣ ይገባዋል።

እንግዲህ የፍሬው መመርመሪያ ወዴት ነው? ቅዳሴ ላይ ብቻ አይደለም፤ ገበያም ላይ ነው። ከሰል ሻጭ በጆንያው አፍ ላይ ትልልቁን አድርጎ ከሥሩ ትቢያ ቢሞላ፥ ገዢው በገበያ አያየውም፤ ከቤቱ ደርሶ ሲያፈስሰው ግን ያውቀዋል። የሰውም ኑሮ እንዲሁ አንድ ጆንያ ነው። ከላይ የሚታየው በበዓል ቀን ነው፤ ከሥር ያለው ግን ሚስትና ልጆች፥ ሎሌና ባለዕዳ የሚያዩት ነው። ላይኛውና ታችኛው አንድ የሆነለት ሰው እርሱ እውነተኛ ነው። ያልሆነለት ግን በመጨረሻው ቀን ጆንያው ሲፈስስ ያፍራል።

ስለዚህ ይህን ቃል በሌላው ላይ ከማንበብ በፊት እያንዳንዱ በራሱ ላይ ያንብበው። መበስበሱን ያወቀ ሰው ደግሞ ተስፋ አይቍረጥ። በሉቃስ ምዕራፍ 13 ሦስት ዓመት ፍሬ ላጣችው በለስ፥ አትክልተኛው ዙሪያዋን ቈፍሮ ፍግ ሊያደርግላት አንድ ዓመት ለምኖላታልና። ያቺ የተጨመረችው ዓመት ለጎረቤት ዛፍ መፍረጃ ሳትሆን የገዛ ሥርን መቈፈሪያ ናት።