ቅንፍና አራት ነጥብ በቁርኣን ትርጉም ላይ

በአማርኛ የቁርኣን ትርጉም ውስጥ ቅንፍ የተርጓሚውን ማብራሪያ ከአላህ ቃል የሚለይ አጥር ነው፤ አራት ነጥብም የሐሳቡን ፍጻሜ ያመለክታል። ስለዚህ የሁለቱን አቀማመጥ እንደ ማተሚያ ቤት ጉዳይ ብቻ አንመለከተውም።

ማብራሪያው የዓረፍተ ነገሩ ክፍል ሲሆን አራት ነጥቡ ከቅንፉ መዝጊያ በኋላ ይውላል፤ ራሱን የቻለ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ግን ከመዝጊያው በፊት ይገባል። ነጥቡ ያለ ቦታው ከቅንፉ ቀድሞ ከወደቀ፣ ማብራሪያው የየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ሳይታወቅ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የአንቀጽ መጨረሻ ሁሉ የሐሳብ መጨረሻ አይደለም። በሱረቱል ማዑን 4ኛው አንቀጽ ለሰጋጆች የተነገረውን ዛቻ፣ 5ኛው ሶላታቸውን በሚዘነጉት ላይ ይወስነዋል። በ4ኛው መጨረሻ አራት ነጥብ ያኖረ ተርጓሚ ዛቻውን በሰጋጅ ሁሉ ላይ ያውለዋል፤ የሚስማማው ነጠላ ሰረዝ ነው። በ560 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ሰጃወንዲን የመሰሉ ሊቃውንት ስለ ወቅፍ የደከሙት ይህን መሰሉን ስሕተት ለመከላከል ነበር።

ጆሮ ቅንፍን አያይም። ስለዚህ ትርጉም በሚንበር ላይ የሚያነብ ኢማም፣ በቅንፍ ያለው የተርጓሚው ቃል መሆኑን ለሰሚው ሊገልጽ ይገባል።